ባላው ሲያጎነብስ

አጎት፦ የጉድጓዱ ገንዘብ ሞልቷል። ፍራንክፈርት ያለነው የአገር ልጆች አዋጥተን ለቀዬያችን የሚበቃ አግኝተናል። አንቺን የፈለግኩሽ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ጀርመናዊ ወዳጄ አብሮኝ ይመጣል። በባላ እንጨት ውሃ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ለድካሙም ሰባራ ሳንቲም አይጠይቅም። ቦታውን እሱ ያሳየን፣ አንቺ ደግሞ የውሃ ባለሙያ ነሽና ቆፋሪ ድርጅት ፈልጊልን።

ባለሙያዋ፦ እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ። ቆፋሪውን እፈልጋለሁ። ቦታውን በባላ መምረጡን ግን አልስማማበትም።

አጎት፦ ሰውየውን ሳታዪው? እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። የአኻያ ባላ ይቆርጣል። ሁለቱን ቅርንጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ግራና ቀኝ ወጥሮ፣ ሣሩ ላይ ቀስ እያለ ይራመዳል። አንድ ቦታ ሲደርስ ጫፉ ወደ መሬት ያጎነብሳል። እሱ ሊያስቀረው ይታገላል፤ የእንጨቱ ልጣጭ እጁ ውስጥ ሲገፈፍ አይቻለሁ። ቆፈሩት፣ ውሃ ወጣ። ይህን ማስመሰል ነው ልትይኝ ነው?

ባለሙያዋ፦ ያስመስላሉ አልልም። እንጨቱ በእርግጥ ያጎነብሳል፤ እሳቸውም አውቀው አያደርጉትም። አያያዙን ያስታውሱ። መዳፍ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ክንድ ወደ ውጭ የተወጠረ። እንጨቱ እንደ ተሳበ ቀስት ኃይል አጠራቅሞ ቆሟል። የእጅ አንጓ ዓይን የማያየውን ያህል ዞር ሲል ያ ኃይል ባንዴ ይለቀቃል፤ የያዘው ሰው ከውጭ የተጎተተ ይመስለዋል። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገርዎትና፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል በ1833 ለፊዚክስ ሊቁ አምፔር በጻፈው ደብዳቤ ተመሳሳይ ነገር አስረድቷል። በክር ያንጠለጠለውን ክብደት ከሜርኩሪ በላይ ሲይዘው ይወዛወዝበት ነበር፤ መካከሉ ላይ መስተዋት ሲገባ ደግሞ ይቆማል። ሼቭረል በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መስተዋት የሜርኩሪን ኃይል ይከለክላል ብሎ ይጽፍ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን አሸፍኖ፣ መስተዋቱን ሌላ ሰው እንዲያስገባና እንዲያወጣ አደረገ። ያን ጊዜ መስተዋቱ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። የሚያወዛውዘውም የሚያቆመውም የገዛ እጁ ነበር፤ እጁን የሚያዘው ደግሞ ይሆናል ብሎ የጠበቀው ነገር።

አጎት፦ እሺ፣ የሚንቀሳቀሰው እጁ ነው እንበል። ይህ እኮ የእኔን ነገር አያፈርሰውም። እጁን ያንቀሳቀሰው ምንድን ነው? ሰውነቱ እሱ ራሱ የማያውቀው ነገር ተሰምቶት ቢሆንስ? ባላው የተሰማውን ወደ ውጭ የሚያወጣበት መንገድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳትና አይሠራም ብሎ መፍረድ ለየቅል ናቸው።

ባለሙያዋ፦ ትክክል ነዎት። ስለ እጅ አንጓ የተናገርኩት ሁሉ ለፍርዱ አይበቃም። ስለዚህ እንጨቱን እንተወውና ሰውየውን እንፈትሽ፤ ውሃው የት እንዳለ በዓይኑ ሊገምት በማይችልበት ቦታ ያገኘዋል ወይ? ይህ ደግሞ እርስዎ ባሉበት አገር ተሞክሯል። በ1990 ካሰል ከተማ ውስጥ 30 ባለባላዎች ተፈተኑ። 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ቧንቧ ተቀበረ፣ ውሃው አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። የሚጠየቁት አሁን ውሃው እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል የሚለውን ብቻ ነበር። ውጤታቸው ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ከመገመት አልተሻለም።

አጎት፦ የቧንቧ ውሃና ተፈጥሮ ያፈሰሰችው ውሃ አንድ ነው ያለሽ ማነው? እዚያ ከተማ ውስጥ ሽቦው፣ መብራቱ፣ ተመልካቹ አለ። የሰው መንፈስ ባልተረጋጋበት ቦታ እንዴት ይሠራል?

ባለሙያዋ፦ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ይህ ሰበብ የመጣው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ መሆኑ ነው። ተፈታኞቹ ሁኔታውን አስቀድመው አይተው ተስማምተውበት፣ እናገኘዋለን ብለው ነበር የገቡት። እኔ የሠራሁት ልኬት ከከሸፈ በኋላ ‘መሬቱ አልተመቸኝም’ ብልዎት ይቀበሉኛል?

አጎት፦ አልቀበልሽም። ግን አንዱን መዘሽ ሌላውን ለምን ደበቅሽው? የሚዩኒኩን ጥናት ታውቂዋለሽ። በ1987 እና በ1988 የጀርመን መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ፣ ቤትስና ኮኒግ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት የመሩት ነው። ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን አይተው የተሻሉትን 43 መረጡ። በአንድ ጎተራ ምድር ቤት ውሃ ያለበት ቧንቧ በጋሪ ወዲያ ወዲህ ይደረጋል፤ ባለባላው ፎቁ ላይ ሆኖ ከበታቹ የት እንዳለ ያመለክታል። 843 ጊዜ ተሞከረ። ብዙዎቹ አልቻሉም፤ ጥቂቶቹ ግን በአጋጣሚ ሊባል የማይችል ችሎታ አሳይተዋል ብለው ነው የደመደሙት። ይህንን ያሉት እኮ ጠንቋዮች አይደሉም፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው።

ባለሙያዋ፦ የደበቅኩት አልነበረም፤ እስኪያመጡት እየጠበቅኩ ነበር፤ ከእርስዎ ወገን ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራው እሱ ነውና። ጥናቱን ከሚያከብሩት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ ያገኙትን ቁጥር በሙሉ አውጥተው ለሰው አሳይተዋል። ጂም ኤንራይት የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ያንኑ ቁጥር ወስዶ እንደገና አየው። 43 ሰዎች ብዙ ጊዜ ከገመቱ ከመካከላቸው የቀናቸው መኖራቸው አይቀርም። ጥያቄው የቀናው ሰው ሲደግም ይቀናዋል ወይ ነው። በአንዱ ዙር የተሳካላቸው በሌላው አልተሳካላቸውም። ከሁሉም የላቀ የተባለው ሰው ደግሞ በ10 ሜትር መስመር ላይ፣ ባላ ሳይዝ ሁልጊዜ መሃሉን ከሚጠቁም ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ ወደ ቧንቧው የቀረበው በአማካይ በ4 ሚሊ ሜትር ነው። ጋሼ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ብልጫ የመቆፈሪያ ችካል ሊተክሉልን ነው?

አጎት፦ እንዲህ ስትዪው ያሳፍራል። ቢሆንም የተፈተነው በጎተራ ውስጥ ነው። እኔ የምለው ሜዳውን ነው፤ ያው ቤትስ በ1995 ያሳተመውን። በስሪላንካ፣ የጀርመን የልማት ድርጅት በሠራው ሥራ፣ ሃንስ ሽሮተር የሚባል ባለባላ ባመለከተበት 691 ጉድጓድ ተቆፍሮ 96 በመቶው ውሃ ሰጠ። አለት አገር ነው። አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ፤ በአለት ውስጥ ውሃው ያለው በስንጥቁ ነው፣ ከስንጥቁ ጥቂት ሜትር ከራቅሽ ደረቅ ነው ብለሽ። ስለዚህ ‘የትም ቢቆፈር ይወጣል’ የሚለው መልስ እዚያ አያዋጣም። ይህን መልሺልኝ።

ባለሙያዋ፦ ይህ ከባድ ነው፤ ሙሉ መልስ አለኝም አልልዎትም። 96 በመቶ ትልቅ ቁጥር ነው፣ እዚያ መንደር ውሃ የጠጡት ሰዎችም እውነተኛ ናቸው። የጎደለው አንድ ነገር ነው። በያንዳንዱ ቦታ፣ ባላው ካመለከተው አጠገብ፣ ባላው ‘አይደለም’ ያለው ቦታ ለማነጻጸሪያ አልተቆፈረም። ያ ሳይሆን 96ቱን ያመጣው ባላው ይሁን፣ ሰውየው ይሁን፣ መሬቱ ይሁን መለየት አይቻልም። ሽሮተር ደግሞ ከመንገድ የመጣ ሰው አይደለም፤ ዕድሜውን በውሃ ሥራ ላይ ያሳለፈ ነው። ሸለቆው ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ዛፉ በበጋ የት እንደሚለመልም፣ አለቱ የት እንደተሰበረ ዓይኑ ያነባል። ዓይኑ ያነበበውን እጁ ሊናገር ይችላል።

አጎት፦ አሁን ያዝኩሽ! ይኸው ችሎታ እንዳለው መሰከርሽ። ዕውቀቱ ዓይኑ ውስጥም ይሁን እጁ ውስጥ፣ ባላውን ሲይዝ ያ ዕውቀት የሚወጣለት ከሆነ ለምን ትቀሚዋለሽ? የኛ አባቶችም ሾላና ዋርካ አይተው ነው ጉድጓድ የሚያወጡት። እነሱን ታከብሪያለሽ፣ እሱን ትከለክያለሽ።

ባለሙያዋ፦ አባቶቻችን ‘ለምን እዚህ?’ ሲባሉ መልስ አላቸው፤ ሾላውን ያሳያሉ፣ በበጋ የማይደርቀውን ሣር ያሳያሉ። እኔም ከነሱ ተምሬ ለተማሪ ላስተምረው፣ ከተሳሳቱም የቱ ላይ እንደተሳሳቱ ላውቅ እችላለሁ። ባለባላው ሲጠየቁ መልሳቸው ‘እንጨቱ ጎተተኝ’ ነው። ሲሳካ እንጨቱ ይመሰገናል፣ ሲደርቅ ‘የኤሌክትሪክ መስመር አሳሳተኝ’ ይባላል። ከደረቀው ጉድጓድ የሚማር ማንም የለም። ዓይናቸው የሚያነበውን እንዲያሳዩኝ እሳቸውን አስከትዬ ሜዳውን ብዞር ደስ ይለኛል። ባላውን ግን ቤት ይተዉልን።

አጎት፦ ግን ስንት ዘመን ኖረ? አግሪኮላ በ1556 ስለ ማዕድን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች ባላ ይዘው ይታያሉ። በ2017 ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ ሲጠየቁ፣ ከ12ቱ የውሃ ኩባንያዎች 10ሩ ሠራተኞቻቸው አሁንም እንደሚጠቀሙበት አመኑ። የማይረባ ነገር ይህን ያህል ይዘልቃል?

ባለሙያዋ፦ አግሪኮላ ሥዕሉን አወጣ እንጂ፣ ምክሩ ሥራውን የሚያውቅ ቆፋሪ ባላውን ትቶ የምድሩን ምልክት ይከተል የሚል ነበር። ለምን እንደዘለቀ ግን ሁለት አሜሪካውያን፣ ቮግትና ሃይማን፣ በ1959 መጽሐፍ ጽፈዋል። ከመነሻዎቻቸው አንዱ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለች ፌንስ ሌክ የተባለች የገበሬዎች መንደር ነበረች። በባላ የተመረጡትና ያለ ባላ የተመረጡት ጉድጓዶች ውሃ የመስጠት ዕድላቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ገበሬው ግን ባለባላውን መጥራት አልተወም። ምክንያቱ ይገባኛል። ገንዘቡ ለአንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፣ መሬቱ ሰፊ ነው፣ ከበታቹ ያለውን ማንም አይነግረውም። ‘እዚህ ጋ’ የሚለው ሰው ሲመጣ ከጭንቀቱ ያርፋል።

አጎት፦ ይህ ራሱ ጥቅም አይደለም? መወሰን አቅቶት ሃያ ዓመት ከወንዝ ውሃ የሚቀዳ መንደር ስንት ነው? ባላው ድፍረት ሰጥቶት ከቆፈረ፣ ውሃም ካገኘ፣ ድፍረቱ በምን መጣ ብለን እንጣላለን? እሱስ በነጻ ነው የሚመጣው፤ ምን ጉዳት አለው?

ባለሙያዋ፦ ድፍረት የሚያስፈልገውን ሰው አልነቅፍም። ጉዳቱን ግን ልንገርዎት፤ ቢመርርም ይስሙኝ። ኢራቅ ውስጥ ወታደሮች በየኬላው አንድ መሣሪያ ይዘው ነበር፤ ኤዲኢ 651 ይባላል። የፕላስቲክ እጀታ ላይ የምትዞር አንቴና ናት፤ ቦምብ ስታገኝ ትዞራለች ተባለ። የምትዞረው ልክ እንደ ባላው በእጅ ዘንበል ማለት ነው፤ ውስጧ ምንም አልነበረም። የሸጠው ጀምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ በ2013 ተፈርዶበት 10 ዓመት እስር አገኘ። እስከዚያው ቦምብ የጫነ መኪና በዚያ ኬላ ‘ንጹህ ነው’ ተብሎ ያልፍ ነበር።

አጎት፦ ይህን ከወዳጄ ጋር ማነጻጸርሽ ደስ አላለኝም። ያ ሌባ ነው። ይህ ደግሞ ከኪሱ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ለማያውቀው ሕዝብ ውሃ ሊፈልግ የሚመጣ ሰው ነው።

ባለሙያዋ፦ ይቅርታ ጋሼ፤ እሳቸውን ከሌባ አልቆጠርኩም። የሰዎቹ ልብ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ኬላው ላይ የቆመው ወታደር ግን እሱም ቅን ነበር፤ መሣሪያው ይሠራል ብሎ ከልቡ አምኗል። ያልተፈተነ ነገር ላይ የሰው ሕይወት ሲንጠለጠል የያዘው ሰው ቅንነት አያድንም። ይህን ያነሳሁት ለኛም ጉዳይ ስለሚሠራ ነው። ቀዬአችን የት ነው ያለው? ከመቂ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው ሜዳ ላይ። እዚያ የሐይቅ ደለል ነው፤ ውሃው ቅርብ ነው፤ ብዙ ቦታ ቢቆፈር ይገኛል። የወዳጅዎ ባላ ቢያጎነብስና ብንቆፍር ውሃ መውጣቱ አይቀርም፤ ሁላችሁም እልል ትላላችሁ። ከዚያስ? የስምጥ ሸለቆ ውሃ ከእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኑ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ እዚያ አካባቢ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል። አይሸት፣ ጣዕም የለው፣ ቢያፈሉት አይጠፋ። ሲፈላ እንዲያውም ይበዛል፤ ውሃው ተንኖ ፍሎራይዱ ይቀራል።

አጎት፦ የእኔን ጥርስ እያየሽ ነው የምትናገሪው።

ባለሙያዋ፦ የእርስዎንም፣ የእናቴንም። ጥርሱ ቡናማ መሆኑ ቀላሉ ነው። ወንጂ ላይ ለዓመታት ያንን ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ተጎድቶ አንገትና ወገባቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ስለዚህ ለኛ ቀዬ ‘ውሃ አለ ወይ?’ ቀላሉ ጥያቄ ነው። ከባዶቹ በስንት ሜትር፣ በሴኮንድ ስንት ሊትር፣ በበጋ ይዘልቃል ወይ፣ ልጅ ሊጠጣው ይችላል ወይ የሚሉት ናቸው። ባላው የሚመልሰው ቀላሉን ነው፤ እሱንም መሬቱ ራሱ መልሶታል።

አጎት፦ በዚህ ረታሽኝ፤ ስለ ፍሎራይዱ አልከራከርም። አሁን ግን የኔን ስሚ። የናንተስ መሣሪያ? አራት ብረት መሬት ላይ ተክላችሁ፣ ሽቦ ዘርግታችሁ፣ ወረቀት ላይ መስመር ታወጣላችሁ፣ ‘እዚህ 120 ሜትር’ ትላላችሁ። ስንት ቦታ ደረቅ ወጣ? ገንዘቡን ተቀብላችሁ ሄዳችሁ። የደረቁትን ጉድጓዶች ዝርዝር አሳዪኝ ብልሽ አታሳዪኝም። ባለባላውን በምትመዝኚበት ሚዛን አንቺም ተመዘኚ።

ባለሙያዋ፦ ይህን ጥያቄ በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ ቢያነሱልኝ ደስ ይለኛል። እውነት ነው። በውጪዎቹ ሁለት ብረቶች የኤሌክትሪክ ኃይል እንልካለን፣ በውስጦቹ እንለካለን፤ ብረቶቹን እያራራቅን ስንሄድ ወደ ጥልቁ እናያለን። ግን ውሃ የያዘ አሸዋ፣ እርጥብ ሸክላና ጨዋማ ውሃ በመስመሩ ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ የሚተረጉመው ሰው ይሳሳታል። ሳተላይትም ይሳሳታል። በ2013 ሰሜን ኬንያ ቱርካና ውስጥ ሎቲኪፒ ሜዳ ሥር ግዙፍ የውሃ ክምችት ተገኘ ተብሎ ዓለም ተደሰተ፤ ኋላ ሲመረመር ውሃው ጨዋማ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሎቲኪፒን ስህተት ያጋለጠው ልኬት ነው፣ የተለካው ለሰው ተነገረ፣ ሁላችንም ተማርንበት። የደረቁትን ጉድጓዶች የማንጽፍ ከሆነ ግን ልክ ነዎት፤ መሣሪያ የያዝን ባለባላዎች ነን።

አጎት፦ እንግዲያው አንድ ነገር እናድርግ። አንቺም እሱም ሳትነጋገሩ ቦታ ምረጡ፤ እንቆፍርና እንይ።

ባለሙያዋ፦ አንድ ጉድጓድ ምንም አይነግረንም ጋሼ። ሜዳው ላይ የሁለታችንም ውሃ ይሰጣል፤ ሁለታችንም አሸነፍን እንላለን። ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና አለኝ። ወዳጅዎ በቀን ሜዳውን ይዙሩና ባላው ያጎነበሰበትን ቦታ ሁሉ ያመልክቱ፤ እኔ በካርታ እመዘግባለሁ፣ ችካሉን እነቅላለሁ። ከዚያ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ከሌላ አቅጣጫ ተመርተው፣ ያንኑ ሜዳ ደጋግመው ይሂዱበት። ባላው ውሃውን የሚሰማ ከሆነ ውሃው ቦታውን አልቀየረም፤ ምልክቱ እዚያው መውደቅ አለበት። ምልክቱ ከተበታተነ ግን ለመፍረድ መቆፈር አያስፈልገንም።

አጎት፦ አንቺስ?

ባለሙያዋ፦ እኔም ልኬቴን እደግመዋለሁ፤ ሁለተኛውን ዙር የመጀመሪያውን ውጤት ያላየ ባልደረባዬ ይተረጉመዋል። ከተለያየን ለእርስዎ እነግርዎታለሁ።

አጎት፦ ፍትሐዊ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሺ። የቀዬው ሰው የናንተን ወረቀት አያነብም። የሚያምነው ከማሳው ላይ ወርዶ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ ‘እዚህ ነው’ የሚለውን ሰው ነው። ወዳጄን ከወደዱት ለዚህ ይሆናል። እናንተ በመኪና መጥታችሁ በመኪና ትሄዳላችሁ።

ባለሙያዋ፦ ለዚህ ማስተባበያ የለኝም። ከመለካቴ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ሜዳውን በእግሬ እዞራለሁ፤ የድሮው ጉድጓድ ሁሉ የት እንደነበር፣ የቱ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የየቱ ውሃ የልጆችን ጥርስ እንደሚያጠቁር ይነግሩኛል። ካሉት ጉድጓዶችም ናሙና ወስጄ አስመረምራለሁ።

አጎት፦ ወዳጄ ዓይኔን አልሸፍንም ካለስ?

ባለሙያዋ፦ ካሉም ይምጡ፤ እንግዳችን ናቸው፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ሜዳውን አብረን እንዞራለን። ችካሉን ግን እሳቸው አይተክሉም። ለአዋጪዎቹም ይህን ይንገሩልኝ፤ ባላ ለያዘም ሆነ መሣሪያ ለተሸከመ ሰው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የደረቁበትን ጉድጓዶች ዝርዝር ጠይቁ፣ እኔንም ጨምሮ። የፓምፕ ሙከራውንና የፍሎራይዱን ውጤት በጽሑፍ ሳትቀበሉ ደግሞ የመጨረሻውን ክፍያ እንዳትለቁ።